የሳይክሉን መንገድ በመኪና ያየ አላየውም

ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ፣ እንዴት ናችሁ። ጋዜጣ ከኋላ ገጽ ጀምረው ከሚያነቡት ሰዎች አንዱ ነኝ፣ ስፖርቱን ሳልጨርስ ፖለቲካው ጋ አልደርስም፣ እና ይሄን የምጽፈው ለመንቀፍ ሳይሆን አንድ ነገር ልለምናችሁ ነው። የሩጫም የሳይክልም ውድድር ሊካሄድ ነው ብላችሁ ስትጽፉ ቀኑ አለ፣ ርቀቱ አለ፣ ሽልማቱማ መቼም አይረሳም፣ መንገዱ ግን የለም። ከየት ተነስቶ በየት አድርጎ የት ጋ ይዞራል፣ ዳገቱ የቱ ጋ ነው፣ አስፋልቱ እንዴት ነው፣ ምንም። ለአጭር የጎዳና ሩጫ ችግር የለውም በሉ፣ ሰው ተከትሎ ይሮጣል። ረጅም ርቀት ትራያትሎን፣ ማለትም ዋና፣ ሳይክልና ሩጫ ተከታትለው የሚሄዱበትን ውድድር፣ ለሚያስብ ሰው ግን መንገዱን ሳይነግሩት ተዘጋጅ ማለት ፈተናው ምን እንደሆነ ሳይነግሩት አጥና ማለት ነው።

እዚህ ባህር ዳር የምንሰባሰብ ጥቂት ሰዎች አለን፣ ማህተምም ጽህፈት ቤትም የለንም፣ አንዱ አስተማሪ ነው፣ አንዷ ነርስ ናት፣ አንዱ ባንክ ይሰራል፣ ጠዋት ጠዋት አብረን ሳይክል እንነዳለን። ሀሳባችን መንገዱ ሰላም በሆነ ጊዜ ለራሳችን ግማሹን ርቀት መሞከር ነው፣ ማለትም 1.9 ኪሎ ሜትር ዋና፣ 90 ኪሎ ሜትር ሳይክል፣ 21.1 ኪሎ ሜትር ሩጫ፣ ሁሉም በአንድ ቀን ሳይቋረጥ። ሙሉው የዚህ እጥፍ ነው፣ 3.8፣ 180 እና 42.2። 180 ኪሎ ሜትር ስንት እንደሆነ ለማይመጣለት ሰው፣ ከባህር ዳር ተነስተህ ጎንደር ገባህ ማለት ነው በግምት፣ ከዛ ከሳይክል ወርደህ ጫማ ቀይረህ ማራቶን ትሮጣለህ። ዋናውን ለጊዜው እንተወው፣ የጣና ጉማሬና ብልሃርዝያ ራሱን የቻለ ደብዳቤ ይፈልጋል፣ እምቦጩን ሳንጨምር።

ታዲያ ስለ ሳይክሉ መንገድ ስናወራ ክርክር ተነሳ። ስራው ወረታና ደብረ ታቦር የሚያመላልሰው አንድ ጓደኛችን አለ፣ እሱ "ይሄን መንገድ እኮ አይኔን ጨፍኜ ነው የማውቀው፣ ደሞ ምን ልሁን ብዬ ሄጄ የማየው" አለ። እውነቱን ነው ያውቀዋል፣ የሚያውቀው ግን ሚኒባስ ጋቢና ተቀምጦ ነው። መኪና ዳገት ይደብቃል። ሞተሩ ትንሽ ድምፁን ይቀይራል፣ ሾፌሩ ማርሽ ይቀንሳል፣ አለቀ፣ አንተ ስልክህን እያየህ ነው። መስኮቱ ከተዘጋ ንፋስ የሚባል ነገር የለም። ጎማው ወፍራም ስለሆነ የተላጠው አስፋልትና ጥሩው አስፋልት አንድ ናቸው። ጉድጓድ ቢኖር ሾፌሩ ነው የሚሸሸው እንጂ አንተ አይደለህም፣ የት እንደነበር ማታ ቢጠይቁህ አታስታውስም።

ከከተማ ወጥተህ ዘንዘልማን ካለፍክ በኋላ እስከ ሐሙሲት ድረስ መንገዱ ወጣ ገባ ነው። ትልቅ ዳገት የለውም፣ ማንም ተራራ አይለውም፣ ግን ሜዳ የሚመስል ዳገት አለው፣ እሱ ነው ክፉው። ትክክለኛውን ዳገት ስታየው ታውቀዋለህ፣ ማርሽ ታቀላለህ፣ ራስህን ታዘጋጃለህ። ሜዳ የሚመስለው ግን ያታልልሃል፣ ፍጥነትህ ሲወርድ ዛሬ ምን ሆንኩ ትላለህ፣ ጎማው ይሆን ትላለህ፣ ፍሬኑ ይዞ ይሆን እንዴ ብለህ ዝቅ ብለህ ታያለህ፣ ከዛ በንዴት ትረግጣለህ። በንዴት የተረገጠው ፔዳል ሂሳቡ ሩጫው ላይ ነው የሚመጣው። ያ ጓደኛችን በሳይክል ሲሄድበት የሆነው ልክ እንደዚህ ነው፣ ሲመለስ ስለ መንገዱ ማውራት ትቶ ስለ እግሩ ብቻ ነበር የሚያወራው። መንገዱን አውቆ የገባ ሰው ግን እዛ ጋ ሲደርስ "እሺ፣ እዚህ በሰዓት 24 ነው የምሄደው፣ ችግር የለም፣ በመልስ አገኘዋለሁ" ብሎ ያልፋል።

ከሐሙሲት ወዲያ ወደ ጉማራ ወንዝ ስትቀርብ ደሞ የፎገራ ሜዳ ይመጣል፣ ሩዙ፣ ከብቱ፣ ያ ሁሉ ግልጥ ያለ ሜዳ። ሰው ሜዳ ሲባል ቀላል ይመስለዋል። ሜዳ ላይ እኮ ማረፊያ የለም፣ ቁልቁለት የለም፣ ፔዳል አቁመህ የምትንሸራተትበት ቦታ የለም፣ ሙሉውን ሰዓት ትረግጣለህ፣ ጎንበስ ብለህ በአንድ አቀማመጥ ትቆያለህ፣ ወገብህና አንገትህ ነው የሚጮኸው። ደሞ ንፋስ ከመጣ መደበቂያ የለህም፣ ከጎን ከሐይቁ በኩል ነው የሚመታህ።

ስለ ንፋሱ ትንሽ ልበል ምክንያቱም መንገድ ማየት የሚለው ነገር ግማሹ ሰዓት ማየት ነው። ጣና ላይ ጀልባ የሚነዱትን ጠይቁ፣ ወደ ገዳማቱ በጠዋት ሂዱ ነው የሚሏችሁ፣ ከሰዓት ውሃው ይነሳል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፣ ቀን መሬቱ ከሐይቁ ይልቅ ቶሎ ይሞቃል፣ የሞቀው አየር ወደ ላይ ይሄዳል፣ በሱ ቦታ ከሐይቁ ቀዝቀዝ ያለው አየር ይመጣል። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ሄደህ መንገዱን አየሁት ካልክ ያየኸው የጠዋቱን መንገድ ነው። ዋናው በ12 ሰዓት ንጋት ቢጀመርና 1፡30 ላይ ሳይክል ብትይዝ፣ ግማሹን ርቀት የሚሄድ ሰው በሰዓት 30 እየነዳ 4፡30 ላይ ይጨርሳል፣ ከንፋሱ ጋር ብዙም አይተያይም። ሙሉውን 180 የሚሄደው ግን በዛው ፍጥነት 7፡30 ላይ ነው የሚወርደው፣ ጸሐዩ አናቱ ላይ ነው፣ ንፋሱም ተነስቷል፣ እና ያቺ የመጨረሻዋ ሰዓት ጠዋት ያያት መንገድ አይደለችም። ስለዚህ የመጨረሻውን ክፍል በመጨረሻው ሰዓት ሂዱበት ነው የምለው፣ ጠዋት ሌላ ቦታ ነድታችሁ ደክሟችሁ ከሆነ እንዲያውም ይበልጥ ጥሩ።

ንፋስ ቀልድ አይደለም። ሳይክል ላይ ሜዳ ስትሄድ ጉልበትህን የሚበላው አየሩ ነው፣ አየሩን ለመሰንጠቅ የሚያስፈልገው ጉልበት ደሞ ከፍጥነቱ ጋር እኩል አይደለም የሚጨምረው፣ በጣም ነው የሚዘለው። ንፋስ በሌለበት ከ30 ወደ 33 ኪሎ ሜትር በሰዓት ለመውጣት አንድ አስረኛ ፍጥነት ጨመርኩ ትላለህ፣ አየሩ ግን አንድ ሦስተኛ ያህል ተጨማሪ ጉልበት ይጠይቅሃል። ፊት ለፊት ንፋስ ላይ የያዝኩትን ፍጥነት አልለቅም የሚል ሰው ለዚህ ነው ሩጫው ላይ በእግሩ የሚሄደው። ፍጥነቱን ሳይሆን ድካሙን ነው መያዝ ያለበት፣ የልብ ምት ሰዓት ያለው በሱ፣ የእግሩን ጉልበት በዋት የሚለካ ፔዳል ያለው በሱ፣ ምንም የሌለው በትንፋሹ። አጠገብህ ካለ ሰው ጋር ሙሉ አረፍተ ነገር ማውራት ካልቻልክ በዝቷል በቃ።

አንድ ነገር ደሞ ከኛ ወደ ቆላ ወይ ወደ ባህር ዳርቻ ሀገር ሄደው ለሚወዳደሩ። ባህር ዳር ስሟ ነው እንጂ ከባህር ጠለል 1800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ አየሩ ሳሳ ያለ ነው። እዚህ ሜዳ ላይ የለመድከው ፍጥነት እዛ ወፍራም አየር ውስጥ በዛው ጉልበት አይመጣም። ኦክስጅኑ ስለሚበዛልህ ሳንባህ ደስ ይለዋል፣ ተጨማሪ ጉልበትም ታገኛለህ፣ የሰዓትህ ቁጥር ግን ግራ ያጋባሃል። እዛ ሄዶ ሁለት ቀን ቀደም ብሎ መንገዱ ላይ ያልነዳ ሰው ይሄን የሚያውቀው ውድድሩ መሃል ነው።

ይሄ ሁሉ የመንገድ ነገር አሁን የመጣ ፈሊጥ እንዳይመስላችሁ። 180 የሚለው ቁጥር ራሱ ከመንገድ ነው የመጣው። እ.ኤ.አ. በ1978 ሀዋይ ኦዋሁ ደሴት ላይ ጆን ኮሊንስ የሚባል የባህር ኃይል መኮንንና ባለቤቱ ጁዲ ሦስት ነገር አጣበቁ፣ የዋይኪኪን ዋና፣ ደሴቷን የሚዞረውን የሳይክል ጉዞና የሆኖሉሉን ማራቶን። የሳይክሉ ዙር 115 ማይል ነበር፣ ማራቶኑ ከሚጀመርበት ቦታ ጋር እንዲገጥም ሦስት ማይል ቆረጡለት፣ 112 ማይል ሆነ፣ እሱ ነው 180 ኪሎ ሜትር። ቢሮ ውስጥ ማንም ቁጭ ብሎ ያወጣው ቁጥር አይደለም፣ አንድ የታወቀ መንገድ ነው። የዛን ቀን 15 ሰው ተነሳ፣ 12 ጨረሰ።

ከዛ ወዲህ ውድድሩ እዛው ሀዋይ ሌላ ደሴት ላይ ወዳለችው ኮና ሄደ፣ እዛ ደሞ ሰዎች ለዓመታት የሚያወሩት ሃዊ የምትባል የመዞሪያ ከተማ ጋ ስላለው የጎን ንፋስ ነው፣ በጥቁሩ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ መሃል ሄደህ ሄደህ እዛ ስትደርስ ሳይክሉን ከስርህ ሊነጥቅህ ይደርሳል። ጎኑ ሙሉ በሙሉ የተደፈነ ጎማ እዛ የተከለከለውም ለዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 ደሞ የወንዶቹን የዓለም ሻምፒዮና ፈረንሳይ ኒስ ወሰዱት፣ ያው 180 ኪሎ ሜትር ነው በወረቀት፣ መንገዱ ግን ተራራ ወጥቶ በኩርባ በኩርባ የሚወርድ፣ ሌላ ስፖርት በሉት። ፈረንሳዊው ሳም ሌይድሎ ነው ያሸነፈው፣ ሌሎቹን የተለያቸውም ሳይክሉ ላይ ነው። ኮና ላይ የሚጠቅምህ ጎንበስ ብለህ መቆየት ነው፣ ኒስ ላይ ቁልቁለት መውረድ ማወቅ፣ ለዳገቱ ከኋላ ትልቅ ጥርስ ማሰር፣ ፍሬን መቼ እንደምትይዝ ማወቅ ነው። ርቀቱ አንድ፣ ዝግጅቱ ሰማይና ምድር።

እዚሁ አፍሪካችን ውስጥም አይተናል። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2025 የዓለም የጎዳና ብስክሌት ሻምፒዮና ለመጀመሪያ ጊዜ አፍሪካ መጣ፣ ኪጋሊ። የወንዶቹ ጉዞ 267.5 ኪሎ ሜትር ነበር፣ ዳገቱ ተደምሮ ከ5000 ሜትር በላይ፣ ስሎቬኒያዊው ፖጋቻር አሸነፈ፣ የጨረሱት 30 ሰዎች ብቻ ናቸው። እነዚህ ሙያቸው የሆኑ ሰዎች ናቸው፣ ቡድንና መኪናና ሀኪም ያላቸው፣ መንገዱ ከብዙ ጊዜ በፊት የተነገራቸው፣ ደርሰውም ዳገቱን ወጥተው የሞከሩት፣ እንደዛም ሆኖ። እኛ ታዲያ ጠዋት ተነስተን ምን ብለን ነው ሳናየው የምንገባው። ለሳይክል አዲስ ሀገርም አይደለንም፣ በ1949 ዓ.ም. ሜልቦርን ኦሎምፒክ ላይ እነ ገረመው ደንቦባ ነድተዋል፣ ጽጋቡ ግርማይም እ.ኤ.አ. በ2016 ቱር ደ ፍራንስን የነዳ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ነው።

እንዴት ነው የሚታየው ለሚሉኝ፣ እኔ በበኩሌ መኪናውን ጨርሶ አልጠላም። መጀመሪያ በመኪና ሂዱ፣ ሌላ ሰው ይንዳ፣ እናንተ ግን ጋቢና ሆናችሁ ጻፉ ወይ ስልክ ላይ ቅዱ። ኪሎ ሜትሩን ዜሮ አድርጋችሁ ከመነሻው፣ 6 ላይ ጉብታ፣ 11 ላይ የተላጠ አስፋልት፣ ድልድይ፣ ገበያ፣ ትምህርት ቤት እያላችሁ። መኪና ለዝርዝሩ ይጠቅማል። ከዛ በሳይክል በቁርጥራጭ፣ ሁሉንም በአንድ ቀን መሄድ አያስፈልግም፣ ጎበዝ ነኝ ብሎ ውድድሩ ሊደርስ ሳምንት ሲቀረው 180ውን የሚነዳ ሰው ውድድሩን በልምምድ ቀን ጨርሶታል። የሚመረጡት ቦታዎች ሦስት ናቸው ብዬ ነው የማምነው። አንዱ ከዋና ወጥተህ ሳይክል የምትይዝበት የመጀመሪያው አምስት ኪሎ ሜትር፣ ልብህ እየመታ እጅህ እርጥብ ሆኖ ስለምትወጣ ኩርባውንና ባጃጁን እዛ ጋ ማወቅ አለብህ። ሁለተኛው የመዞሪያው ቦታ፣ መንገዱ ስንት ሜትር ነው የሚሰፋው፣ ዙሪያውን ሳትወርድ መዞር ትችላለህ ወይ፣ ጠጠር አለው ወይ፣ ከመዞርህ በፊት የትኛው ማርሽ ላይ ነህ። ከባድ ማርሽ ላይ ሆነው ዞረው ቆመው የሚወድቁ ሰዎች አይቻለሁ፣ ያስቃል፣ የወደቀውን ግን አያስቅም። ሦስተኛው የመጨረሻው 30 ኪሎ ሜትር ነው፣ ስለሱ ብያለሁ።

ጂፒኤስ ያላቸው ደሞ ስትራቫ ላይ፣ ጉዞ የሚመዘግበው የስልክ መተግበሪያ ላይ ማለት ነው፣ አይተነዋል ይላሉ። ጥሩ ነው፣ እኔም አያለሁ። ግን የስልክ ጂፒኤስ ከፍታ ላይ በጣም ነው የሚሳሳተው፣ ሜዳው ላይ ዳገት ይጨምርልሃል፣ የአየር ግፊት የሚለካ ሰዓት ይሻላል፣ እሱም ዝናብ ሲመጣ ይዘባርቃል። ደሞ ካርታ ከብት አያሳይም። በኛ መንገድ ላይ ከብት፣ አህያ፣ ጋሪ፣ በገበያ ቀን ሰው አለ፣ አይሱዙ ከኋላህ ጥሩንባ እየነፋ አለ። ገበያ ቀን ካልሆነ ቀን ሄደህ አይተህ ውድድሩ ገበያ ቀን ቢሆን ያየኸው ሌላ መንገድ ነው። ይሄን የሚያውቀው የአካባቢው ሰው ነው፣ ቆም ብሎ ሻይ ጠጥቶ መጠየቅ ነው ያለው ጥቅም። አሽከርካሪ ከሆነ አዛውንት ጋር አንድ ሻይ ብትጠጣ ጋርሚን ከሚባለው የጂፒኤስ ሰዓት በላይ ነው የሚነግርህ፣ ክረምት ላይ ርብና ጉማራ ሲሞሉ ውሃው የት ድረስ እንደሚመጣ ሳይቀር።

ምግብና ውሃም መንገዱን ካላየህ አይታቀድም። ለረጅም ርቀት በሰዓት ከ60 እስከ 90 ግራም ካርቦሃይድሬት ይባላል፣ የውጭዎቹ ጄል ይመጣሉ፣ እኛ ሙዝ አለን፣ ቴምር አለን፣ ማር በውሃ አለ፣ በሶ አለ፣ በሶ ግን ከተማ ውስጥ ሞክሩት፣ ሆድ የሚነፋው ሰው አለ። ጥያቄው መቼ ነው የምትበላው ነው። ዳገት ላይ እያለከለክህ አትበላም፣ ጉድጓድ በበዛበት አንድ እጅህን ከመሪው አታነሳም፣ ቁልቁለት ላይማ አይታሰብም። ስለዚህ ለስላሳ አስፋልት የት የት ጋ እንዳለ አውቀህ እዛ ጋ ነው የምትበላው። የውሃ ኮዳው ደሞ ሌላ ጣጣ ነው፣ ከኮርቻ ኋላ የሚሰካው ማሰሪያ ጉብታ ላይ ኮዳውን ይተፋዋል፣ አንተ ሳታውቅ ትሄዳለህ፣ ጠጣ ጠጣ ሲልህ እጅህን ስትልክ የለም። የተላጠ አስፋልት እንዳለ ያየ ሰው ኮዳውን በላስቲክ ያስረዋል፣ የጎማውን ንፋስም ትንሽ ያረግበዋል፣ ስፋቱ 23 ሚሊ ሜትር የነበረውን ጎማ በ28 ይቀይራል፣ መለዋወጫ ካላማዳሪውን ከአንድ ወደ ሁለት ያደርጋል። ሐሙሲት ላይ ጎሚስታ ታገኛለህ፣ ለቀጭን ጎማ የሚሆን ካላማዳሪ ግን ታገኛለህ ብለህ አትመን።

አሁን ወደ ልመናዬ። ውድድር ስታስተዋውቁ መንገዱን አውጡልን፣ ካርታ ቢሆን በጣም ጥሩ፣ ካልሆነ በቃል፣ ከዚህ ተነስቶ በዚህ ወጥቶ እዚህ ዞሮ ብላችሁ፣ ዳገቱ የት እንዳለና ከፍታው ስንት እንደሆነ። አዘጋጆቹ ሲልኩላችሁ መንገዱን ካልጻፉ ደውላችሁ ጠይቋቸው፣ ጋዜጣ ሲጠይቅ ነው የሚሰማው፣ እኛ ስንጠይቅ ነገ ይነገራችኋል ነው መልሱ። አንዴ አንድ የሳይክል ውድድር ላይ፣ የት እንደሆነ ልተወው፣ መነሻው መስመር ላይ ቆመን ነው በየት በኩል እንደምንዞር የነገሩን፣ ግማሹ ሰው በአንዱ አደባባይ ግማሹ በሌላው ዞሮ ማን አሸነፈ የሚለው እስከ ማታ አልተፈታም።

የትራፊክ ነገርም አለ። ለውድድሩ ቀን መንገድ ይዘጋል፣ መንገዱን ልናይ የምንሄድበት ቀን ግን ማንም አያውቀንም። ውድድሩ ሁለት ሳምንት ሲቀረው አንድ እሁድ ጠዋት መንገድ ማያ ቀን ተብሎ ትራፊኮች ዋና ዋና መስቀለኛው ላይ ቢቆሙልን፣ መዝጋት አያስፈልግም፣ ሹፌሩ ዛሬ ሳይክሎች አሉ ብሎ እንዲያውቅ ብቻ። በ2016 ዓ.ም. ግንቦት የተመረቀው አዲሱ የአባይ ድልድይ ለሳይክል የተለየ መስመር አለው፣ እሱ ላይ ስንነዳ ሰው እንደሆንን ነው የሚሰማን፣ ድልድዩ ሲያልቅ ግን መስመሩም ያልቃል፣ ከዛ በኋላ ከባጃጁ ጋር ነው። ያቺ መስመሩ የምታልቅባት ቦታ ለማንኛውም ከከተማ ወደ ጎንደር በር ለሚወጣ የሳይክል ውድድር የመጀመሪያዋ አደገኛ ቦታ ናት፣ እና በመኪና ያየ ሰው መስመር እንዳለም እንዳለቀም ልብ አይልም።

ደብዳቤው ረዘመ መሰለኝ፣ ቆርጣችሁ አውጡት ችግር የለም፣ ስለ መንገዱና ስለ እሁዱ ያለውን ግን አትቁረጡብኝ። አዘጋጆች የሆናችሁም ይሄን ካነበባችሁ፣ መንገዱን ከቀየራችሁ መቀየራችሁን በዛው ጋዜጣ ንገሩን፣ ባለፈው ያየነውን ይዘን እንዳንመጣ።

አክባሪያችሁ
አንድ ሳይክል ነጂ፣ ከባህር ዳር